በኪሴ የነበረው ኮምፓስ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ተማሪ ሳለሁ፣ ንቦች የማግኔት ኃይል ይሰማቸው እንደሆነ የምፈትነው ሐይቅ ዳር በጋሽ ሰይድ ጓሮ ነበር። ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ንቦቹ መጀመሪያ ከሥሩ ማግኔት ካለበት ሳህን የስኳር ውሃ እየጠጡ ይለምዳሉ። ከዚያ ስኳር የሌለው ውሃ በሁለት ሳህን ይቀርብላቸዋል፤ በአንዱ ሥር ማግኔት፣ በሌላው ሥር እሱን የሚያህል ነሐስ፣ ሁለቱም በጨርቅ ተጠቅልለው። የትኛው ላይ እንደሚያርፉ ይቆጠራል። ቆጣሪው ግን ማግኔቱ የት እንዳለ ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ ዓይኑ ያዳላል። ስለዚህ ደባቂው ጋሽ ሰይድ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

«ወላሂ ብትለምነኝም አልነግርህም» ይሉኝ ነበር እየሳቁ።

መለመን አላስፈለገኝም። ንቦቹ ለቀናት በሁለቱም ሳህኖች ላይ እንዳሻቸው ሲያርፉ፣ መመረቂያ ጽሑፌ ባዶ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ሶላት ሊሰግዱ ገባ ሲሉ ኮምፓሴን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ሳህኖቹ አስጠጋሁ፤ መርፌው ዞሮ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ያላረፈችውን ንብ አረፈች ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ውጤቱን ስነግራቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «እኔስ እንደሚያውቁ አውቄ ነበር» አሉ።

በዓመቱ ስመለስ ሬድዮናቸውን ፈታትተውት አገኘሁ። የድምፅ ማጉያውን ማግኔት አውጥተው ባዶ ቀፎ ውስጥ አስቀምጠውታል። በዝናብ እጥረት ንቦቻቸው ኮብልለውባቸው ስለነበር፣ አዲስ መንጋ እንዲገባላቸው ተስፋ ያደረጉት ያንን ቀፎ ብቻ ነበር። ማግኔቱ ይጠራቸዋል ብለው ቀፎውን እንደወትሮው በጭስ እንኳ አላጠኑትም። የመስከረም አበባ አለፈ፤ አንዲት ንብ አልገባችም።

«አብሽር! ያንተ ጥናት አይሳሳትም፤ አቀማመጡን ያላወቅሁበት እኔ ነኝ» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ። ዝም አልኩ። እንዴት ዝም አልኩ?

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ቆጣሪው ማወቅ የለበትም እያልኩ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሰይድ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ማግኔቱን የት ባደርገው ይሻላል?»

ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን «ወደ በሩ ጠጋ ያድርጉት» አልኳቸው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ማግኔቱ አሁን በቀፎው በር ላይ ነው። ጋሽ ሰይድም እየጠበቁ ነው።