መጨረሻውን በቀይ ክር የምትሰፋው ጥሩነሽ

ዛሬ ጠዋት የጥሩነሽ ልጅ ደውላ "እማዬ አረፈች" ስትለኝ "የማን እማዬ?" አልኳት። እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ግን ትናንት እኮ ቀሚስ ለክታኛለች፤ ወገብሽ ጨምሯል ብላ ስቃብኛለች።

ለማታውቋት፣ ጥሩነሽ እዚህ ላፍቶ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ልብስ ሰፊ ናት። ነበረች ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

ይሄን የምጽፈው ለማልቀስ ብቻ አይደለም። የሰፈራችን ግሩፕ ላይ፣ መርዶው ሥር፣ አንዷ "ነፍስ ይማር፣ ግን በሃይማኖት ትቀልድ ነበር" ብላለች። አንቺ፣ ስምሽን አልጠራም። ይሄን ግን አንብቢ።

ጥሩነሽ ልብ ወለድ ነፍሷ ነው። በተለይ እነዚያ መነኩሴው ድንገት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሚገኝበት፣ የሞተችው ሙሽራ ሌላ ሰው ሆና ተወልዳ የምትመጣበት። ልብሳችንን ስንጠብቅ ጮክ ብላ ታነብልናለች። አጀማመራቸው ልብ ይሰቅላል። መጨረሻቸው ላይ ወይ ለካ ሕልም ነው፣ ወይ ደራሲው ሰውየውን እዚያው ዘመን ረስቶት ቁጭ።

ያኔ ያናደዳትን የመጨረሻ ምዕራፍ ስፌት መኪናው ውስጥ ታስገባና ዳር ዳሩን በቀይ ክር ትሰፋዋለች። ከዚያ ነው የምታውሰን። "እስከ ክሩ አንብቡ፣ ከክሩ ወዲያ የኔ ነው" ትላለች። የቀረውን በአፏ ትጨርስልናለች፤ ሁሌም የሷ ይበልጣል።

አንዱ መጽሐፍ ላይ ዲያቆኑ ወንድሙን ክፉ ተናግሮት ሳይታረቁ ወንድምየው ይሞታል። ዲያቆኑ ጠበል ገብቶ ሲወጣ ያ የጸቡ ቀን ላይ ይገኛል። አፉን ዘጋ፣ ጸብ የለም፣ አለቀ። እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ጥሩነሽ መጽሐፉን ወረወረችው።

"ይቅርታ ሳይል? ንስሐ የተሰጠን እኮ ቀኑ ስለማይመለስ ነው" አለች።

ይሄ ነው እንግዲህ ቀልዷ።

እኔ ደግሞ በእናታችን ተዝካር ቀን በተናገርኩት ክፉ ቃል ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። ሳላስበው ያንን ቀን መልሼ ባገኘሁት ኖሮ የሚል ቃል አመለጠኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ያ ቀን ምን ይሠራልሻል? እህትሽ ለቡ ናት። ለቡ አንድ ታክሲ ነው።"

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ተሳፈረች። ልመለስ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። እህቴ በሩን እስክትከፍት ቆማ፣ ሲከፈት ሳትገባ ተመለሰች። አሁን ይሄን ስጽፍ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው። ለቀብሩ አብረን ነን። በሃይማኖት ቀለደች ያልሽው እንግዲህ ይቺን ሴት ነው። ስንት ሰው አስታርቀሻል አንቺ?

ጥሩዬ፣ ልጅሽ የጀመርሽው መጽሐፍ ስፌት መኪናው ላይ ነው ብላኛለች፤ ሜትርሽን መሐሉ ላይ ምልክት አድርገሽ። እኔ እጨርሰዋለሁ። መጨረሻው ካልረባም ቀዩ ክር የት እንዳለ አውቃለሁ።

አንቺ ግን ሌላ ሰው ሆነሽ እንዳትመጪብኝ፤ እሱን የምትወጂው ልብ ወለድ ላይ ብቻ ነው። በትንሣኤ ራስሽ ጥሩነሽ ሆነሽ ነው የማገኝሽ። እስከዚያ ደህና ሰንብቺ፣ የኔ እመቤት።