ላልቶ የተነበበ ቃል

የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ሃሎ» ይላታል። ከመግቢያው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች ሰው ከሰው ስታገናኝ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ሐኪሙን ከነርሷ፣ ወላዷን ከባሏ፣ ሐዘንተኛውን ከሬሳ ክፍሉ። የሁሉንም ትሰማለች፤ እሷ ግን ከ«ሃሎ» እና ከ«ይጠብቁ» የዘለለ የምትለው አልነበራትም። ቤት ስትገባም ያው ነው። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታ አዋቂ፣ እንግዳ ወዳድ ነበር። ብቻ እሷ አፏን ስትከፍት እጁ ሳይታወቀው ወደ ሬዲዮው ይሄድና ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

መስመሩ ጸጥ ሲልላት አንዲት አጭር ልብወለድ ጻፈች። በሕይወቷ የጻፈችው ያቺኑ ብቻ ነው። አንዲት ሚስት በተናገረች ቁጥር ባሏ ሬዲዮ ያስጮህባታል፤ አንድ ቀን ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ትነሳና ሬዲዮውን አጥፍታ መሃል ላይ ትቆማለች። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ሬዲዮው ዝም አለ። ቤቱም ዝም አለ። አሁን ትሰማለች።»

ጣጣው የመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ቃል ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላቱን ለአንባቢው ትቶታል። ቃሏ ጠብቃ ስትነበብ፣ ሴትዮዋ ስትናገር ሌላው ይሰማታል ማለት ነው። ላልታ ስትነበብ ግን እሷ ሌላውን ትሰማለች፣ እሺ ባይ ሆነች ማለት ነው። እትዬ ሃሎ ጥርሷን ነክሳ፣ አጥብቃ ነው የጻፈቻት። ትላላለች ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

አንድ መጽሔት ታሪኩን ባወጣ በሳምንቱ አንድ ስመ ጥር ሐያሲ ጋዜጣ ላይ አሞገሰው። «አመጸኛዋ ሚስት በመጨረሻ ልብ ገዛች፤ አሁን ትሰማለች። ለትዳራችን መድኃኒት ነው!» አለ። እትዬ ሃሎ ደሟ ፈላ። በራሷ ገመድ፣ በራሷ እጅ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለች።

«መጨረሻው ቃል ይጠብቃል!» አለችው።

«ማንን?» አላት፤ መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር። በኋላ ሲገባው ሳቀ። «እህቴ፣ ሰዉ እንዲህ ወዶት ሳለ ምን አስነካካን?» ብሎ ዘጋባት።

የባሏ ኩራት ደግሞ ልክ አልነበረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር መጽሔቱን አውጥቶ ያነባል። መጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ ዝግ ይልና፣ እንደ ረጠበ ወረቀት አላልቶ ይላታል። እንግዳው ያጨበጭባል፣ እሷ ሻይ ትቀዳለች። ሰው ፊት «ተሳስተሃል» ብላ ልታሳፍረው አንጀቷ አልቻለም። ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሬዲዮ አለ።

ታሪኩ ውሎ አድሮ ትምህርት ቤት ገባ። ልጇ አሥራ ምናምን ዓመቷ ነበር፤ አንድ ቀን ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ መጣች።

«እማዬ፣ ያንቺ ታሪክ ፈተና ላይ መጣ። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ምን ተማረች? ይላል።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«መስማት። ሙሉ አገኘሁ።» ቀጥላም፣ «ግን እማዬ፣ ሬዲዮውን ለምን አጠፋችው ታዲያ? መልሳ ልትንበረከክ?» አለቻት።

እናት አፏን ከፈተች። አባት ከጋዜጣው ቀና ብሎ፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሲገባሽ ይገባሻል» አለ። እናት አፏን ዘጋች። ልጇን ያጣቻት ያን ቀን ነው ቢባል ውሸት የለውም። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ የሆዷን አላጫወተቻትም። ማግባቷንም መፋታቷንም እናት ከጎረቤት ነው የሰማችው። «ለእማዬ ምን እነግራታለሁ? ያው ስሚው ነው የምትለኝ» ትል ነበር አሉ።

ዘመን ተለወጠና ወጣት ሴት ጸሐፊዎች ተነሱ። «ደራሲዋ በሩን ከፍታ መልሳ ዘጋችው» ብለው ወቀሷት። አንድ ምሁር ደግሞ «የለም፣ ምፀት ነው» ብሎ ረጅም ጥናት አቀረበ። ሲሟገቱ ሲሟገቱ ታሪኩ የሴቶች መብት ድርሰት ፋና ወጊ ተብሎ አረፈው። ደውሎ «ምን ማለትሽ ነው?» ያላት አንድም ሰው የለም፤ ስልክ የምታነሳው እሷ ሆና! ባሏ ሲሞት እንኳ መናገር ትችል ነበር። «ከሙት አፍ ቃል ነጥቄ ምን ላተርፍ» ብላ ተወችው። ደግነት ይመስላል። ለእኔ ግን የለመደ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች፤ ቀዶ ጥገናው ነቀርሳውንም ድምጿንም ይዞ ሄደ። በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ጣቢያው የቆዩ ታሪኮችን ሊያስነብብ ፈልጎ ልጇን ጠየቃት። ይሉኝታ ይዟት እሺ አለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አነበበችላት። መጨረሻዋን ቃል እንደ አባቷ አላላቻት።

እናት ራሷን ነቀነቀች። እርሳስ በምልክት ጠየቀችና «ትሰማለች» ብላ ጻፈች።

«እማዬ፣ እሱኑ እኮ ነው ያነበብኩት!»

እርሳሱ ከእጇ ወደቀ። ያን ጊዜ የልጇን እጅ ያዘችና ባላት አቅም ሁሉ ጨመቀችው።

«አመመሽ?»

አይደለም። በሌላው እጇ ጣት ቃሏን ነካች፤ እንደገና ጨመቀች፣ አጥንት እስኪያም ድረስ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እጇን አየች። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቃሏን አጥብቃ አለቻት።

የእናት እንባ ፈሰሰ።

«ትጠብቃለች? ይህን ሁሉ ዘመን ትጠብቅ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

እናት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች። ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቢሆንም እስኪመሽ ጆሮዋን አላነሳችም።

ቀረጻው የተደረገው ከቀብሩ በኋላ ነው። ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ፣ «እህት፣ መጨረሻዋን ድገሚያት። ሰው ሁሉ አላልቶ ነው የሚያነባት» አላት።

«ሰው ሁሉ ተሳስቷል» አለችው።

ታሪኩ የተላለፈ ዕለት ልጅቷ እናቷ ክፍል ገብታ፣ በተነጠፈው ባዶ አልጋ አጠገብ ብቻዋን ተቀመጠች። መጨረሻው ሲቃረብ እጇ ወደ አባቷ አሮጌ ሬዲዮ ሄደና ድምፁን ከፍ አደረገችው።