ዓይኗ ሳይከፈት

ሽማግሌው ከእንጨት ጠራቢው ከባንሺዳር ሱቅ ፊት መቀመጥ ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ቁልፍ የጎደለበትን በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። ዝንብ የሚያባርረው በሆስፒታል የራጅ ፖስታ ነው። ሁለት ሙዝ ይገዛና አንዱን ይበላል፤ ሌላውን የሚሰጠው ሰው ያለ ይመስል ግራ ቀኙን አይቶ ኪሱ ይከተዋል።

ዓይኑ ያረፈው ከኒም እንጨት በተጠረበች፣ ክንድ በማትሞላ የሀብት አምላክ፣ የላክሽሚ ምስል ላይ ነው። የቀረው ዓይኗን ጠርቦ መክፈት ብቻ ነው፤ ያኔ አምላኳ ገብታባት ሕይወት ትዘራለች።

"ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምታፈጥባት? ነገ ዓይኗን ልክፈትልህና ውሰዳት" አለው ባንሺዳር መሮውን እየሳለ።

ሽማግሌው ሳቀ። "እንዲሁ ስጠኝ፣ ወንድሜ። ዓይኗ ከተከፈተማ በየጠዋቱ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ሊመጣ ነው።"

"አይ ስንፍና!"

"እኔማ ባበላት ደስታዬ። ግን ሐኪሞቹ ክረምቱን አታይም ብለውኛል። ባዶ ቤት ውስጥ እየራባት በር በሩን ስታይ ይታይህ።"

ባንሺዳር መሮውን አስቀመጠ። ዓይኑ ያልተከፈተ ምስል ከዚህ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም፤ አባቱም አያቱም አላደረጉትም።

"ያን ጊዜ መጥቼ እወስዳታለኋ! እነዚህን በየማለዳው አበላ የለ?" አለ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ምስሎች እያሳየ።

ሽማግሌው የባንሺዳርን ሽበት፣ ከኋላውም ባዶአቸውን የቀሩትን ሁለት የጠራቢ በርጩማዎች ቀስ ብሎ አየ።

"አንተስ፣ ወንድሜ፣ ለማን ትተዋታለህ?"

ሁለቱም ልጆቹ ሱራት ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ ከገቡ ቆይተዋል። ባንሺዳር ወደ ኋላው ዞረ። መደርደሪያው ላይ፣ በገዛ እጁ ዓይናቸውን የከፈተላቸው ሁሉ ያዩታል።