የይታያልን ድምፅ ይዤ ወደ አርብ ገበያ

አርብ ንጋት፣ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም፤ ረዳቶቹ ግን «ነፋስ መውጫ! ጋይንት!» እያሉ ይጣራሉ። ብርድ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ጋቢ የተከናነቡ ተሳፋሪዎች። ስልኬ ውስጥ ገና ያልወጣው ሁለተኛው አልበማችን አለ። ሮክ የምንጫወት አራት ጓደኛሞች ነበርን፤ አሁን ሦስት ነን። ድራም መቺያችን ይታያል ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን የዘፈነው እሱ ነው። እናቱን ሳንጠይቅ ማውጣት ስለከበደን እኔ ተላክሁ።

ረፋድ፣ ነፋስ መውጫ

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሻይ በትኩስ ብስኩት ቀምሼ ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ የሚሄድ መኪና ያዝሁ። ጠጠር፣ አቧራ፣ ቢጫ የገብስ ማሳ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ዘመድ ጥየቃ ነው?»

«የጓደኛዬን እናት። ልጃቸው ሞቶባቸው።»

«እግዜር ያጥናቸው» አለና የከፈተውን ሙዚቃ ዘጋ።

ከቀትር በኋላ፣ አርብ ገበያ

ገበያው ደርቷል፤ ምስር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተጫኑ አህዮች። የይታያል እናት የእማማ ዘውድነሽ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ሽሮ አቀረቡልኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ድምፁ አለ ነው የምትለኝ?»

«አለ፣ እማማ።»

«በል አሰማኝ።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ይታያል ጉሮሮውን ይጠርግና «አላችሁ?» ይለናል። ልናጠፋው አልጨከንንም ነበር።

«አለሁ ልጄ፣ አለሁ» አሉት እናቱ።

ሲያልቅ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይኸ በየመኪናው ሊከፈት ነው?»

«እርስዎ ከፈቀዱልን።»

«ገበያ ወጥቼ፣ ሰው መሐል ድንገት ብሰማውስ? ዳግመኛ የሞተብኝ ነው የሚመስለኝ። አልችልም፣ የኔ ልጅ። አትቀየሙኝ።»

«ምን በወጣዎት፣ እማማ።»

«ለእኔ ግን ተውልኝ» አሉ። «አንጀቴ ሲጠና እሰማዋለሁ።»

ሚሞሪ ካርድ ላይ ቀዳሁላቸው፤ በሬዲዮናቸው እንዴት እንደሚከፈትም አሳየኋቸው። ከዚያ እጄን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

ቅዳሜ፣ ደብረ ታቦር

አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ ደወልሁ። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችን «አልበሙ እኮ ያ ዘፈን ነው» አለኝ። ተከራከረኝ፤ እማማ ዘውድነሽ ያሉትን ስነግረው ግን ድምፁ ተሰበረ። «በቃ፣ ይቅር» አለ።

አልበሙን ስትሰሙ መጨረሻው ላይ ድንገት ይቆምባችኋል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ዘፈን ነበረ። አርብ ገበያ፣ እናቱ ዘንድ ነው።