ከዘፈኑ ያልወጣው አሜን

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ቤት ውስጥ እማዬ በቀን አሥር ጊዜ «ቁጭ በል» ትለኝ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመዘምራን መሪያችን እግሬን ረግጦ ነበር የሚያስቆመኝ። የመጀመሪያ አልበሜንም የቀዳሁት በዚሁ አመሌ ነው፤ ዘጠኙንም ዘፈን ቆሜ፣ እየተቁነጠነጥኩ።

ስቱዲዮ እንበለው እንጂ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈን፣ በሩን በስፖንጅ ፍራሽ ደግፈን ነበር የምንሠራው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጀምር ሥራ ይቆማል፤ ያ ክረምት ደግሞ ማባራት የሚባል አያውቅም። አቀናባሪዬ ኪቦርዱ ላይ ክንዱን ተንተርሶ ሲያንቀላፋ፣ እኔ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ ቆርቆሮውን እረግማለሁ። ራፑ በወላይትኛ፣ አዝማቹ በአማርኛ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሰፈራችን ሰው ድምፄን የሚያውቀው በመዝሙር ብቻ ነው።

እማዬ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ዓለማዊ ዘፈን እሷ ባለችበት ቤት እንደማይከፈት ነገረችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከአገልግሎት ሲያግዱኝ ያን ያህል አልከፋኝም፤ የጠበቅኩት ነው። የእሷ አለመስማት ግን ዕረፍት ነሳኝ። ሰው ሁሉ ቢያጨበጭብልኝ እንኳ እሷ ካልሰማችው አልበሙ ያልተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ሲዲው እንደወጣ ለሶዶና አረካ መስመር ሚኒባስ ሹፌሮች አደልኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የተሳፋሪውን ሁኔታ ማየት። አረካ እደርሳለሁ፣ በሚቀጥለው መኪና እመለሳለሁ።

ስህተታችንን ያወቅኩትም እዚያው ነው። የመጨረሻው ዘፈን የፍቅር ነው፤ አንዲት ልጅን እየለመንኩ ቆይቼ፣ ሙዚቃው ሲያልቅ «አሜን» እላለሁ። የመዘምራን ልማድ ነው፤ መዝሙር ያለዚያ አይዘጋም። አቀናባሪውም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነበርና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስንሰማው የሁለታችንም ጆሮ ምንም አላለም። ሚኒባስ ውስጥ ግን ተሳፋሪው፣ ረዳቱ ሳይቀር፣ በአንድ ድምፅ «አሜን» ብሎ ሲመልስ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ዘፈን ሲመጣ ኮፍያዬን ይበልጥ እደፋለሁ።

እማዬ በገበያ ቀን አረካ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። አንድ ቀን የምትሳፈርበትን መኪና ሹፌር ለምኜ፣ ቀድሜያት ገብቼ ኋላ ተደበቅኩ። መጥታ ልክ ከፊቴ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ሲዲው ተከፈተ። የሚታየኝ የሻሿ ቋጠሮ ብቻ ነው። «ይህን ዝጋልኝ» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለችም። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ጉልበቴ የእሷን ወንበር እየመታ መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም። የመጨረሻው ዘፈን አለቀና የራሴ ድምፅ «አሜን» አለ። መኪናው ሙሉ «አሜን» ሲል የእሷ ድምፅ አልነበረበትም።

ፊቷን ሳታዞር በወላይትኛ ተናገረች።

«የልጅቷን ስም ንገረኝ። አሜን ካልክ እኔም ልጸልይላት።»

ኮፍያው ለካ ምንም አልጠቀመኝም። ገና ከሶዶ ሳንወጣ በጉልበቴ አውቃኛለች። አፍሬ፣ ልጅቷ የለችም፣ ከራሴ የፈጠርኳት ናት አልኳት። እውነቴን ነበር።

«ታዲያ ያን ያህል የጮኽከው ለማን ነው?»

ዘጠኝ ዘፈን ሙሉ ቃል ያልቸገረኝ ሰውዬ ወደ ሻሿ ቋጠሮ ጎንበስ አልኩ። አንቺ እንድትሰሚኝ ነው አልኳት፤ አጠገቤ ያለው ሰው ወደ መስኮቱ ዞረ። የአረካ ቤቶች መታየት ጀመሩ። እማዬ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ጉልበቴን ያዘች።

«ሰማሁህ እኮ» አለችኝ። «አሁን ቁጭ በል።»