ዘይት ያልነካው ጎመን

ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ እትዬ በለጡ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጫካው እንጨት ተሸክመው ያወረዱ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሴት። ጫካውን ዘበኞች ይጠብቁታል፤ በጠራራ ፀሐይ የወረደች ሴት ሸክሟን ትቀማለች። ስለዚህ እሳቸውና ጎረቤታቸው ፀዳለ የሚወርዱት ዘበኞቹ ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ አንድ አመሻሽ ከነሸክማቸው ቆመው ግድግዳውን ሲዳብሱ አገኘኋቸው። በሩ ከክንዳቸው አጠገብ ነበር። ሰማዩ ገና ቀይ ነው፤ እኔ የጎረቤት ዶሮዎች ወደ ቆጥ ሲወጡ እንኳ ይታየኛል።

«እትዬ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«በሬን! ማን ነቅሎ ወሰደብኝ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ድሬሰሯ አስቴር ዓይናቸውን በባትሪ አይታ፣ «ዳፍንት ነው፤ ካልታከመ ዓይንዎ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል» አለች። «ምን ይበላሉ?»

«ጎመን።»

«ሌላስ?»

«ጎመን አልኩሽ እኮ። ቅዳሜም እሑድም።»

አስቴር ግራ ገባት። ጉበትና እንቁላል ላላገኘ ሰው የምትመክረው ራሱ ጎመን ነው። «በምን ይሠሩታል?»

«በውኃና በጨው።»

ምክንያቱን እኔ አውቀው ነበር። ልጃቸው ዋቅጅራ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሄደ ቀን፣ «በደህና እስኪመለስልኝ ዘይትም ቅቤም፣ ቅባት የሚባል በአፌ አይገባም» ብለው ተስለዋል። አስቴር ስታስረዳን ግን ክው አልኩ። ጎመን ውስጥ ያለው፣ ለዓይን የሚሆነው ቪታሚን ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በቅጡ አይገባም። ሁለት ዓመት በየቀኑ መድኃኒታቸውን ሲበሉ፣ መድኃኒቱ እንደ መንገደኛ በሆዳቸው አልፎ ሲሄድ!

አንድ ማንኪያ ዘይት ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ሐዋርያትን ይዤ መጣሁ።

«ለመድኃኒት ነው፣ በለጡ ልጄ፤ ፈትቼሻለሁ» አሏቸው።

«እርስዎ ቢፈቱኝም አባቴ፣ ዛሬ ቀምሼ ነገ ክፉ ወሬ ቢመጣ በማን ላላክክ ነው?»

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ወጡ።

አስቴር ከሣጥን ሥር ፈልጋ አንዲት የቪታሚን እንክብል ይዛልን መጣች። ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የማር ጠብታ የመሰለች። ይህቺ ምግብ አይደለችም፣ ተገላገልን ብዬ ፈነጠዝኩ። እትዬ በለጡ አገላብጠው ዳሰሷትና በጥፍራቸው ወጓት። ጣታቸው ላይ ፈሰሰች። አሸተቱት።

«ይሄ ዘይት ነው።»

«እንክብል ነው እትዬ!»

«አንተ ተማሪ፣ ስተወው ጠረኑንም የረሳሁት መሰለህ?»

ጮህኩ። እናቴ ላይ ጮኼ የማላውቀውን ያህል ጮህኩ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው የጣታቸውን ዘይት የዓይናቸው ቆብ ላይ አሹት። «የተሳልኩት በአፌ ነው፤ በዚህ በኩል ይግባ።»

«በዚያ በኩል አይገባም እማማ» አለች አስቴር፤ ባዶውን የእንክብል ቆዳ አንስታ እያየች። ሌላ አልነበራትም።

አሁን ሲወርዱ ፀዳለ ትቀድማለች። ከሸክሟ የተለቀቀ ገመድ እትዬ በለጡ መዳፍ ላይ ተጠምጥሟል። ትናንት አመሻሽ ላይ ከሁለት ባሕር ዛፎች መሃል ሲመጡ አየኋቸው።

«ድንጋይ!» ትላለች ፀዳለ፤ እትዬ እግራቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ቦይ!» ይሻገራሉ። አንዴ ተሳስታ ዘግይታ ተናገረች፤ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ሸክሙ አንገታቸው ላይ ተንሸራተተ። ሮጬ ደረስኩ። እንደገና ስለ ዘይት፣ ስለ ጎመን፣ ስለ ቪታሚን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ተማሪው» አለችኝ ፀዳለ እያለከለከች፣ «ወይ ገመዱን ያዝ፣ ወይ መንገዱን ልቀቅ።»

መንገዱን ለቀቅኩ።