«መቋሚያ ይጠቀማሉ?»

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። አንዱ ጎረቤታችን ቄስ ናቸው። ሌላው አባቴን ዜማ ያስተማሩት መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ቤት ከአባቴ ጀምሮ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። የኔታ ሦስቷን የበረንዳ ደረጃ የወጡት በአባቴ ትከሻ ተደግፈው ነበር። ለጥናቴ ናሙና በሰበሰብኩበት ጊዜ ይህችኑ ደረጃ ብቻቸውን ሲወጡ አይቻለሁ። ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አባቴ ገና ሳይቀመጥ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን አወረደ። በውጭ አገር መጽሔት የታተመው ጥናቴ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ፒያሳ ወስዶ በፕላስቲክ አስለብጦታል። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ስሜ የቱ ጋ እንዳለ ግን ስለሚያውቅ ጣቱን ከሥሩ ያስኬዳል።

«በይ አስረጅልን» አለኝ።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥናት ሳቀርብ እንኳ መዳፌ በላብ ይርሳል። የዚያን ቀን ግን እኔም ኩራት ቢጤ ይዞኝ ነበርና ጀመርኩ። በጉልበታችን መጋጠሚያ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ነገር አለ አልኳቸው። እሱን አጥብቆ የያዘው ደግሞ እንደ ገመድ የተገመደ ኮላጅን የሚባል ነገር ነው። ገመዱ መበጣጠስ ሲጀምር ስብርባሪው በደም ዞሮ በሽንት ይወጣል። እኔ የለካሁት ያንን ስብርባሪ ነው።

«የጎንደር ካህን ሽንት ፈረንጅ አገር ደረሰ በሉኛ!» አሉ ቄሱ። «እኛ እንኳ ያልደረስንበት!»

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «ቆዩ እስቲ፣ ጥናቱ ስለ እኛ ምን እንዳለ ትንገረን» አለ።

«ከካህናቱ አብዛኞቹ ያለ ድጋፍ መቆም እንደሚቸገሩ አሳይቷል» አልኩ።

ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩ። «የትኞቹ ካህናት?»

«እናንተው። ቅጹን የሞላችሁት እናንተው አይደላችሁ? ‹ለመቆም መቋሚያ ይጠቀማሉ?› ለሚለው አብዛኞቻችሁ ‹አዎ› . . .»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። የካህን ልጅ ነኝ። አባቴ ለማኅሌት በሄደ ቁጥር ያንን ራሱ መስቀለኛ የሆነ ረጅም ዘንግ ከበሩ ኋላ አንሥቼ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

«አዬ ልጄ!» አሉ ቄሱ፣ ጭናቸውን መታ አድርገው። «መቋሚያማ የሃያ ዓመቱም ደብተራ ይይዛል! ገበሬውንስ ‹ሞፈር ትይዛለህ?› ብለሽ አንካሳ ነህ ልትይው ነው?»

አባቴም ሳቀ። እኔም እንደመሳቅ አልኩ። የኔታ ግን አልሳቁም። የተለበጠውን ገጽ ከአባቴ ተቀብለው ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ታዲያ እኔን ‹ከባድ› ያሰኘኝ ይኸው ነው?» አሉኝ።

ለተሳተፉት ሁሉ የውጤት ወረቀት ልኬ ነበር፤ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ የሚል። የየኔታ «ከባድ» ይላል፤ ከሥሩም «ለረጅም ሰዓት ከመቆም ይቆጠቡ» የሚል ምክር አለበት። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ወረቀቱን አነበበችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማኅሌት ላይ ከጥግ ወንበር አኑራ ታስቀምጣቸዋለች። ይህንን አውቅ ነበር። አባቴ ነግሮኝ፣ ጥናቴ ሰው ጠቀመ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

«አይ የኔታ» አልኩ። «የሽንቱም ውጤት ያንኑ ነው ያሳየው።»

ውሸት ነበር። የሽንታቸው ውጤት ከሁሉም ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም በካህናቱ በኩል የቅጹ መልስና የሽንቱ ልኬት አልገጥም ብለውኝ ብዙ ቀን ተቸግሬበታለሁ። በመጨረሻ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። የዕድሜ ልክ የማኅሌት አቋቋም ልም አጥንትን በተለየ መንገድ ሳይጎዳው አልቀረም የሚል አንቀጽ። ጽሑፉን የገመገሙት ሰዎች ወደውት ነበር። እኔም ከሁሉ አብልጬ የምኮራው በእሱ ነበር።

«እንግዲያው ሸጋ» አሉ የኔታ። «መሣሪያው ካለ ምን ይደረጋል።»

ሲሄዱ አባቴ ደግፎ አወረዳቸው። እኔ ብርጭቆ የማነሣ መስዬ ጓዳ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ቅጾቼን አውጥቼ አየሁ። ከካህናቱ ጋር ላነጻጽራቸው በጥናቱ ላካተትኳቸው የኮሶዬ ገጠር ገበሬዎች ጥያቄውን ያነበብኩት እኔው ነኝ፤ እዚያ «ምርኩዝ» ነው ያልኩት። «ምነው ልጄ፣ ምርኩዝ ያዝ ያዝ የሚያሰኘው እመስላለሁ?» ብለው የቀለዱብኝ ሽማግሌ ነበሩ። ከተማ ላሉት ካህናት ግን ቅጹ በጽሑፍ የሚሰጥ ስለነበር ቃሉን ቀየርኩት። አባቶችን «ምርኩዝ ይይዛሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ከበር ኋላ የማውቀው ቃል ጨዋ ሆኖ ታየኝና ጻፍኩት። እነሱም እውነቱን መለሱ።

ራት ላይ አባቴ የሞፈሩን ቀልድ ለእናቴ ደገመላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የየኔታን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቁጭ በይ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«የኔታ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የሽንትዎ ውጤት ደህና ነው። ‹ከባድ› ያሰኘዎት የኔ ጥያቄ ነው። ምርኩዝ ማለት አፍሬ መቋሚያ ብዬ ስለጻፍኩ ነው።»

ልጃቸው በእጇ የያዘችውን ጆግ አስቀመጠች። «እና ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው ያስቀመጥኳቸው? እሳቸው እኮ ‹ልቁም› እያሉ ሲለምኑኝ እኔ ነኝ የተቆጣኋቸው!»

«አንቺ አይደለሽም ያስቀመጥሻቸው፤ እኔ ነኝ» አልኩ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምርኩዝ ብትይን ምን እንሆን ነበር?»

«እንዳትቀየሙ ብዬ ነው።»

«አዬ . . . አንቺ አፈርሽ፣ እኔ ተቀመጥኩ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ በሩ ኋላ አመለከቱኝ። «አቀብይኝ።»

መቋሚያው አቧራ ለብሷል። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ሰጠኋቸው። ብድግ አሉ፤ ቆሙ። የመቋሚያውን ራስ ብብታቸው ሥር አስገብተው አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዘንበል አሉ። ከዚያ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ልጃቸውም አየች። ተመልሰው ተቀመጡ።

«መቀመጥ ለመደ» አሉ ጉልበታቸውን እየዳሰሱ። «ለመጪው ክብረ በዓል ይደርስልኛል?»

ይደርሳል ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

«አላውቅም የኔታ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በትክክል የሚያይዎት ሐኪም ዘንድ ግን እኔው እወስድዎታለሁ።»

«ይችን ‹አላውቅም› ወረቀቱ ላይ ጽፈሻት ቢሆን ሸጋ ነበር» አሉኝ። ሐሙስ እንድንሄድ ተስማማን። ልጃቸው እስከ በሩ አልሸኘችኝም።

በባጃጅ ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። ለጥናቴ አማካሪ ደውዬ ነገርኩት። «ጻፊው፣ ግልባጩ ለእኔም ይድረሰኝ» አለኝ፤ ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር። ጥናቱን ላወጣው መጽሔት አንዱ ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ በስሕተት እንደተተረጎመ፣ በካህናቱ በኩል ያለው ውጤት እንደማይጸና፣ ያ አንቀጽም መውጣት እንዳለበት ጻፍኩ። «መቋሚያ»ን በእንግሊዝኛ የምለው ጠፍቶኝ ብዙ ቆየሁ። ቃሉን እንዳለ ጽፌ ከሥሩ ይህን ጨመርኩ፦ ካህናት ሌሊቱን ቆመው ሲዘምሩ የሚይዙት ዘንግ ነው፤ የሚይዘውም ሰው መቆም የሚችል ሰው ነው።

ሳልደግመው ላክሁት፤ ደግሜ ባነብበው ኖሮ ልመና ልጨምርበት እችል ነበር።

የቀረኝ አባቴ ነበር። ገጹን ከግድግዳው እንዲያወርደው ልነግረው ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

«አቤት የኔ ሊቅ!» አለ።

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነገርኩት።